ከባብል እስከ መጨረሻው ጠረጴዛ፦ የትንሽ መግቢያ ፖከር ቶርናመንት ማጠናቀቂያ መመሪያ

«እስከ መጨረሻዎቹ 20 ሰዎች እደርሳለሁ። ከዚያ ግን ሁሌ እዚያው እቀራለሁ። ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?» ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፣ ጥያቄው ግን አንድ ነው። ስለዚህ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

መመሪያው ከ1 እስከ 10 ዶላር መግቢያ ላላቸው የኦንላይን ቶርናመንቶች ነው። ጨዋታው ኖ ሊሚት ሆልደም ነው። የጨዋታውን ሕግ ታውቁታላችሁ ብዬ ነው የምነሳው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በቶርናመንት መጀመሪያ ላይ የካርታችሁ ጥራት ብዙ ይወስናል። መጨረሻው ላይ ግን ሁለት ቁጥሮች ይበልጡታል፦ ስንት ብላይንድ እንዳላችሁ እና ቀጣዩ ሽልማት ምን ያህል እንደሚርቅ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እነዚህን ሳያይ ካርታውን ብቻ እያየ ስለሚጫወት ነው።

ለማሳጠር ያህል፣ «ብላይንድ» ስል ትልቁን ብላይንድ ማለቴ ነው፤ ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ሰዎች በየተራ የግድ ከሚያስገቡት ትልቁ ነው፣ ትንሹ ብላይንድ ግማሹ ነው። «አንቴ» ሁሉም ሰው በየካርታው የሚያስገባው ትንሽ መጠን ነው። «ስታክ» በእጃችሁ ያለው የቺፕ ብዛት ነው። ሁለቱ ካርታዎች አንድ ምልክት ሲኖራቸው «ሱትድ» እላለሁ። «መግፋት» ማለት ኦል ኢን መግባት፣ ያለውን ቺፕ ሁሉ ማስገባት ነው፤ «መጣል» ደግሞ ፎልድ ማድረግ፣ ካርታውን ትቶ መውጣት። «ኮል» ሌላው ያስገባውን ያህል ማስገባት፣ «ሬይዝ» ከዚያ ማስበለጥ ነው። «ፍሎፕ» መሃል ላይ የሚገለጡት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ናቸው። «በተን» የአዳዩ መቀመጫ ነው። «ባብል» ሽልማት ሊጀመር ጥቂት ሰው ብቻ መውጣት የቀረበት ጊዜ ነው። «በአንድ ካርታ» ስል ካርታ ከሚታደልበት አሸናፊው እስኪለይ ያለውን አንድ ዙር ጨዋታ ማለቴ ነው።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- በቂ ጊዜ። ቶርናመንት ሁሌም ካሰባችሁት በላይ ይረዝማል። ቀጠሮ እየደረሰባችሁ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ አትቀመጡ።
- የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና መጠባበቂያ። ስልካችሁ ላይ ዳታ ይኑር፣ ቻርጀር አጠገባችሁ ይሁን። ባብል ላይ ለ3 ደቂቃ መስመር ሲቋረጥ ብላይንዱ መቆረጡን አያቆምም።
- የሽልማት ዝርዝሩ። የቶርናመንቱ ሎቢ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስንት ሰው እንደሚከፈለው እና በየደረጃው ስንት እንደሆነ እዩ።
- የመግፋትና የመጣል ሰንጠረዥ። በየመቀመጫው፣ በየስታኩ መጠን የትኛው ካርታ እንደሚገፋ የሚያሳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።
- አይሲኤም ካልኩሌተር። ቺፕን ወደ ገንዘብ የሚቀይር ማስያ ነው። የሚያገለግለው ከጨዋታ በኋላ ለመገምገም ነው።
- ማስታወሻ። ብዙዎቹ የፖከር ፕሮግራሞች በተጫዋች ስም ላይ ማስታወሻ መጻፊያ አላቸው።
- ለዚሁ ብቻ የተለየ ገንዘብ። ቢያንስ 100 መግቢያ ይሁን። የ2 ዶላር ቶርናመንት የምትጫወቱ ከሆነ 200 ዶላር ማለት ነው። ጥሩ ተጫዋችም ቢሆን በተከታታይ 30 እና 40 ቶርናመንት ያለ ጥሩ ውጤት ሊያልፍ ይችላል። ገንዘቡ ቀጭን ከሆነ መጨረሻው ላይ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል።

ደረጃ 1፦ ሰንጠረዡን ቀድማችሁ አጥኑ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጨረሻው ላይ ለአንድ ውሳኔ የሚሰጣችሁ ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው። በዚያች ሰዓት ሒሳብ መሥራት አትችሉም። ቢያንስ የ10 ብላይንዱን ሰንጠረዥ ከአራት መቀመጫዎች በቃላችሁ ያዙ፦ ከመጀመሪያው ተናጋሪ፣ ከበተን በስተቀኝ ካለው መቀመጫ፣ ከበተን እና ከትንሹ ብላይንድ።

አንቴ ባለበት ጠረጴዛ መነሻ የሚሆኑ እነዚህ ናቸው። ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ ከመጀመሪያው መቀመጫ የምትገፉ ከሆነ ከ5-5 ጀምሮ ያሉ ጥንዶች፣ ኤስ-10 እና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ኪንግ-ኩዊን። ከበተን በስተቀኝ ከሆናችሁ ማንኛውም ጥንድ፣ ኤስ-5 እና በላይ፣ ኪንግ-10 እና በላይ፣ ሱትድ ኩዊን-10 እና ጃክ-10። ከበተን ማንኛውም ጥንድ፣ ማንኛውም ኤስ፣ ሱትድ የሆነ ኪንግ ሁሉ፣ ሱትድ ያልሆነ ከኪንግ-8 ጀምሮ፣ እና ተከታታይ ሱትድ ካርታዎች። ሁሉም ጥሎ ትንሹ ብላይንድ ላይ ብቻችሁን ከቀራችሁ ደግሞ ከሚደርሳችሁ ካርታ ከግማሽ በላዩን መግፋት ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቺፕ ሳይሆን ብላይንድ ቁጠሩ

«40,000 ቺፕ አለኝ» አትበሉ። ብላይንዱ 2,000/4,000 ከሆነ ያላችሁ 10 ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ስታክን በብላይንድ የሚያሳይ ምርጫ ስላለው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አብሩት።

የራሳችሁን ብቻ አትቁጠሩ፤ ከናንተ በኋላ የሚናገሩትንም ቁጠሩ። ዋጋ ያለው ከሁለታችሁ ትንሹ ስታክ ነው። እናንተ 40 ብላይንድ ኖሯችሁ ትልቁ ብላይንድ ላይ የተቀመጠው 6 ብቻ ካለው፣ ከእሱ ጋር የምትጫወቱት የ6 ብላይንድ ጨዋታ ነው።

አንድ ዙር የሚያስከፍላችሁንም እወቁ። ዘጠኝ ሰው ሲሆን፣ አንቴው የብላይንዱ አንድ አሥረኛ ከሆነ፣ በዙር 1 + 0.5 + 0.9 ማለትም 2.4 ብላይንድ ይሄዳል። 12 ብላይንድ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አምስት ዙር ብቻ ነው ያለው፣ ያውም ብላይንዱ እስከዚያ ካልጨመረ። ሰው ሲቀንስ ደግሞ ዋጋው ይወደዳል። በዘጠኝ ሰው በአንድ ካርታ 0.27 ብላይንድ ገደማ የነበረው በስድስት ሰው 0.35፣ በሦስት ሰው 0.6 ይሆናል። ትናንት ትክክል የነበረው ትዕግሥት ጠረጴዛው ሲሳሳ ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ደረጃ 3፦ ስታካችሁ ምን እንደሚፈቅድላችሁ እወቁ

ከ25 ብላይንድ በላይ ካላችሁ ሬይዝ አድርጋችሁ ፍሎፕ ማየት፣ መመለስ፣ እንደገና መሞከር ትችላላችሁ። ከዚህ በታች ግን እያንዳንዱ ስህተት ውድ ነው።

ከ15 እስከ 25 ያለው ክፍል ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መሣሪያ አለው። ሌላው ሬይዝ ሲያደርግ በላዩ ላይ መግፋት ነው። ተጋጣሚው 2 ብላይንድ አስገብቷል፤ መሃል ላይ 2.4 ነበር፤ በድምሩ 4.4። እሱ ከጣለ 18 ብላይንድ የነበረው ስታካችሁ ፍሎፕ ሳታዩ በሩብ ገደማ ያድጋል። የሚሠራው ግን ብዙ ሬይዝ የሚያደርግ ሰው ላይ ነው። ሰዓት ሙሉ ጥሎ ጥሎ አሁን ሬይዝ ያደረገ ሰው ላይ አትሞክሩት፤ ያ ሰው ካርታ አለው። በዚህ ስታክ «ፍሎፕ ልየው» ብላችሁ ሬይዝ ኮል ማድረግም ልማድ አይሁንባችሁ። ከሁለት ሙከራ በኋላ 12 ብላይንድ ላይ ትገኛላችሁ።

ከ12 በታች ሬይዝ የሚባል ነገር ቢቀርባችሁ ይሻላል፤ ወይ ትገፋላችሁ ወይ ትጥላላችሁ። 10 ብላይንድ ይዛችሁ 2 ብላይንድ ሬይዝ ካደረጋችሁ በኋላ አንዱ ቢገፋባችሁ፣ ብትጥሉ ከስታካችሁ አምስተኛው ጠፋ፤ ኮል ብታደርጉ ደግሞ መጀመሪያውኑ ራሳችሁ ብትገፉ ይሻል ነበር። ቀድሞ የገፋ ሰው ሁለት የማሸነፊያ መንገድ አለው፦ ሌላው ይጥላል፣ ወይም ካርታው ይመጣለታል።

ከ5 በታች ስትወርዱ የመጀመሪያው መንገድ ይዘጋል። 4 ብላይንድ ገፋችሁ እንበል። መሃል ላይ ያለው የናንተ 4፣ ሁለቱ ብላይንዶች 1.5 እና አንቴው 0.9 ሲደመር 6.4 ነው። ትልቁ ብላይንድ 3 ብቻ ይጨምራል። 32 በመቶ ካሸነፈ ይበቃዋል፤ ብዙ ካርታዎች ይህን ያህል ያሸንፋሉ። ስለዚህ አይጥልም። እዚህ ከመድረሳችሁ በፊት፣ ገና 8 እና 9 እያላችሁ ነው መንቀሳቀስ ያለባችሁ።

ደረጃ 4፦ ብላይንድ ስረቁ፣ ግን የሚሰረቅበትን እዩ

ሬይዛችሁ 2 ወይም 2.2 ብላይንድ ይሁን። 3 እና 4 አታድርጉት። 2 ብላይንድ አስገብታችሁ 2.4 ለመውሰድ ስትሞክሩ፣ ፍሎፕ ላይ አንድም ጊዜ ባታሸንፉ እንኳ ከ100 ጊዜ 46 ጊዜ ቢጥሉላችሁ አትከስሩም። በ3 ብላይንድ ግን 56 ጊዜ መጣል አለባቸው።

የማን ብላይንድ ነው የሚሰረቀው? ባብል እየቀረበ ሲመጣ ሰዓቱን እስከ መጨረሻው የሚያስቆጥር፣ መካከለኛ ስታክ ያለው ሰው ጥሩ ኢላማ ነው። በትንሽ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ የማይጥል ሰው ሁሌ አለ። ማንኛውንም ሁለት ካርታ ይዞ ኮል ያደርጋል። በስሙ ላይ «አይጥልም» ብላችሁ ጻፉና ጥሩ ካርታ ስትይዙ ብቻ ግቡበት። እሱን በብለፍ፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ በመምሰል ለማስጣል መሞከር በዚህ ደረጃ ትልቁ የቺፕ ማፍሰሻ ነው።

ደረጃ 5፦ ስትገፉ የመጀመሪያው ሁኑ

በተን ላይ ናችሁ፣ ሁሉም ጥሏል፣ 10 ብላይንድ አላችሁ፣ ካርታችሁ ሱትድ ጃክ-8 ነው። ጥሩ ካርታ አይመስልም። ኮል ከተደረገ ወደ 35 በመቶ ብቻ ነው የሚያሸንፈው እንበል።

ሁለቱም ከጣሉ 2.4 ብላይንድ ታገኛላችሁ። ትልቁ ብላይንድ ኮል ካደረገ መሃል ላይ 21.4 ይሆናል። የሱ 35 በመቶ 7.5 ያህል ነው። 10 አስገብታችሁ 7.5 ማለት በአማካይ 2.5 ታጣላችሁ። እዩት እንግዲህ፦ ሲጥሉ 2.4 ይገባል፣ ኮል ሲደረግ 2.5 ይወጣል። ከግማሽ ትንሽ በላይ ጊዜ ሁለቱም ከጣሉ ትርፍ ነው። ለዚህ እያንዳንዳቸው ከ100 ወደ 72 ጊዜ መጣል አለባቸው። ከዚህ ያነሰ ጊዜ የሚጥል ሰው ትልቁ ብላይንድ ላይ ካለ ጃክ-8ን ጣሉት፤ ኤሱን፣ ጥንዱን፣ ትልልቁን ኪንግ ግን መግፋታችሁን ቀጥሉ።

ይህን ሒሳብ አንዴ በወረቀት በራሳችሁ ሥሩት። እኔ ከሠራሁት በኋላ ነው ደካማ ካርታ ስገፋ እጄ የረጋው።

ትንሽ ኤስ ለምን እንደሚገፋም ልንገራችሁ። በእጃችሁ አንድ ኤስ ካለ ተጋጣሚ ኤስ-ኤስ የሚይዝባቸው መንገዶች ከ6 ወደ 3 ይወርዳሉ። ኤስ-ኪንግ የሚይዝባቸው ደግሞ ከ16 ወደ 12። ኮል ሊያደርጉባችሁ የሚችሉትን ካርታዎች ራሳችሁ ይዛችሁባቸዋል ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ኮል ስታደርጉ ጥብቅ ሁኑ

መግፋትና ኮል ማድረግ አንድ አይደሉም። ኮል የሚያደርግ ሰው ሌላውን የማስጣል ዕድል የለውም፤ ያለው አንድ የማሸነፊያ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ የምትገፉበትን ካርታ ሁሉ ኮል አታድርጉበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በተን ላይ ያለው 8 ብላይንድ ገፋ፣ እናንተ ትልቁ ብላይንድ ናችሁ። መሃል ላይ 8 + 1 + 0.5 + 0.9 ወይም 10.4 አለ። 7 ትጨምራላችሁ። 7ን ለ17.4 ስታካፍሉ 40 በመቶ ይመጣል። ካርታችሁ ከሱ ካርታዎች ጋር 40 በመቶ ያሸንፋል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው።

መልሱ በሰውየው ላይ ይወሰናል። ብዙ የሚገፋ ከሆነ ኤስ-7 ከበቂ በላይ ነው። በትንሽ መግቢያ ቶርናመንት ግን ጥሩ ካርታ ሳይዝ የማይገፋ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው ኤስ-ጃክ ከያዘ የናንተ ኤስ-7 ከአራት አንዴ ገደማ ነው የሚያሸንፈው። 7-7 በ10-10 ላይ ደግሞ ከአምስት አንዴ ገደማ። ዝም ብሎ ሲጫወት የነበረ ሰው ድንገት ትልቅ ካስገባ እመኑት። በዚህ ደረጃ ከማመን የሚመጣ ኪሳራ ከመጠራጠር ከሚመጣው በጣም ያንሳል።

ደረጃ 7፦ ባብል ላይ ቺፕን ወደ ገንዘብ ቀይሩ

ባብል ማለት አንድ ወይም ጥቂት ሰው ሲወጣ የቀረው ሁሉ ሽልማት የሚያገኝበት ጊዜ ነው። ጥያቄ የሚበዛውም፣ ገንዘብ የሚጠፋውም እዚህ ነው።

አራት ሰው ቀርቷል እንበል። የሚከፈለው ለሦስት ነው፦ ለ1ኛ 50፣ ለ2ኛ 30፣ ለ3ኛ 20 ዶላር። አራታችሁም እኩል ቺፕ አላችሁ። የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 25 ዶላር ነው። አሁን አንዱ ገፋባችሁ። ኮል አድርጋችሁ ካሸነፋችሁ ከጠቅላላው ቺፕ ግማሹ የናንተ ይሆናል፤ የቀሩት ሁለቱ ሩብ ሩብ ይይዛሉ። በአይሲኤም ስሌት 1ኛ የመውጣት ዕድላችሁ 50 በመቶ፣ 2ኛ 33.3፣ 3ኛ 16.7 ነው። በገንዘብ ሲሰላ 25 + 10 + 3.33፣ ማለትም 38.33 ዶላር።

ቺፓችሁ በእጥፍ አደገ፤ ገንዘባችሁ ግን ከ25 ወደ 38.33 ብቻ ነው የሄደው። ብትሸነፉ 25ቱም ይጠፋል። 25ን ለ38.33 ስታካፍሉ 65 በመቶ ይመጣል። በቺፕ ሒሳብ 50 በመቶ የሚበቃው ኮል በገንዘብ ሒሳብ 65 ይፈልጋል። ኤስ-ኪንግ ሱትድ እንኳ ከብዙ ካርታዎች ጋር ይህን ያህል አያሸንፍም። በቺፕ ስሌት ኮል የሚደረጉ ካርታዎች ባብል ላይ የሚጣሉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ስሌት በመነሳት እንደ ስታካችሁ አድርጉ። ትልቁ ስታክ ያላችሁ ከሆነ መካከለኞቹን ግፏቸው፤ ኮል ለማድረግ የሚፈሩት እነሱ ናቸውና። ሁለተኛው ትልቅ ስታክ ከሆናችሁ ከትልቁ ራቁ፣ ከሌሎቹ ጋር ተጫወቱ። መካከለኛ ከሆናችሁ እጅግ ተጠንቀቁ። ትንሽ ስታክ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ የምታጡት ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያው ሁናችሁ ለመግፋት አትፍሩ፤ ከናንተ ያነሰ ሌላ ሰው ካለ ግን አንድ ዙር ታገሡት።

የራሴን አንድ ካርታ ላሳያችሁ። ባብል ላይ ነበርን። 18 ብላይንድ ይዤ ትልቁ ብላይንድ ላይ ተቀምጫለሁ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ 2 ብላይንድ የቀራቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ጣለ፣ ትንሹ ብላይንድ ላይ ያለው የቶርናመንቱ መሪ ገፋብኝ። ኤስ-ጃክ ነበረኝ። በየዙሩ ይገፋ ስለነበር ካርታው ደካማ ሊሆን እንደሚችል ገምቻለሁ። ኮል አደረግሁ። ኪንግ-6 አሳየ። ግምቴ ልክ ነበር፣ ወደ 60 በመቶ ቀድሜዋለሁ። ፍሎፑ ላይ ኪንግ መጣና ወጣሁ። ሁለቱ ሰዎች ከጥቂት ካርታ በኋላ ተከታትለው ወጡ።

ለረጅም ጊዜ «ዕድል ነው» እል ነበር። በኋላ ካልኩሌተሩ ላይ ሳስገባው ኮሉ ራሱ ስህተት ነበር። በቺፕ ሒሳብ 46 በመቶ ይበቃኝ ነበር፤ እነዚያ ሁለት ሰዎች ባሉበት ግን 60 እንኳ አይበቃም። ኪንጉ ባይመጣ ኖሮም ስህተትነቱ አይቀርም ነበር።

ባብል ላይ ጠረጴዛዎች እኩል የሚሄዱበት አሠራር ይጀመራል፤ ሁሉም ጠረጴዛ ካርታውን እስኪጨርስ ይጠበቃል። በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ሰው ከወጣ በጀመረበት ጊዜ ብዙ ቺፕ የነበረው የተሻለ ደረጃ ያገኛል። በዚህ ጊዜ ሎቢውን ክፈቱና የትንንሾቹን ስታክ እዩ።

ሁለት ዓይነት ቶርናመንት ላይ ይህ ስሌት ይለወጣል። ሽልማቱ ለሁሉም እኩል የሆነ፣ ለሌላ ቶርናመንት ትኬት የሚሰጥ ውድድር ከሆነ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ኤስ-ኤስ መጣል ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በየሰው ራስ ላይ ሽልማት ያለበት ባውንቲ ቶርናመንት ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ኮሉ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ሰው ባስወጣችሁ ቁጥር ወዲያው ገንዘብ ይገባል።

ደረጃ 8፦ ባብሉ ሲፈነዳ ለጥቂት ዙር ጠብቁ

ትንንሽ ስታክ የነበራቸው ሁሉ በአንዴ መግፋት ይጀምራሉ። «ቢያንስ መግቢያዬን አገኘሁ» ብለው ነው። በእነሱ ላይ ለመግፋት ሳይሆን በጥሩ ካርታ ኮል ለማድረግ ተዘጋጁ። ስርቆቱን ለጥቂት ዙር ቀንሱ።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ መሰላሉን አንብቡ

ጠረጴዛው ሲከፈት መጀመሪያ ሽልማቱን፣ ከዚያ የሁሉንም ስታክ እዩ። በአብዛኛው ቶርናመንት ከ9ኛ ወደ 8ኛ፣ ከ8ኛ ወደ 7ኛ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ትልቁ ገንዘብ ከ3ኛ በላይ ነው። አንድ ደረጃ ለመውጣት ብላችሁ ስታካችሁን ወደ 3 ብላይንድ አታስበሉት። በእኔ ግምት ደካማ ካርታ ሁሉ እየጣሉ 7ኛ ከመውጣት፣ ገና 10 ብላይንድ እያለ ገፍቶ 9ኛ መውጣት ወይም ለላይኛው መድረስ በረጅም ጊዜ የበለጠ ይከፍላል።

ይህ የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ። 1 ወይም 2 ብላይንድ የቀረው ሰው ካለ፣ በተለይ ብላይንዱ በቀጣዩ ካርታ ሊደርሰው ከሆነ፣ እሱ እስኪወጣ መካከለኛ ካርታችሁን ጣሉ።

ደረጃ 10፦ ሦስት ስትቀሩ እና ሁለት ስትቀሩ

በሦስት ሰው በአንድ ካርታ 0.6 ብላይንድ ይሄዳል፤ መጠበቅ ራሱ ኪሳራ ነው። በተን ላይ ስትሆኑ አብዛኛውን ካርታ ተጫወቱ።

አንዳንዴ እዚህ ላይ የመከፋፈል ሐሳብ ይመጣል። «በቺፕ እንካፈል» ሲባል ቶሎ እሺ አትበሉ። ሽልማቱ 50፣ 30፣ 20 ሆኖ መሪው 60 በመቶ ቺፕ፣ ሁለታችሁ 20፣ 20 ካላችሁ፣ ለሁሉም 20 ተሰጥቶ የቀረው 40 በቺፕ ሲከፋፈል መሪው 44፣ እናንተ 28 ታገኛላችሁ። በአይሲኤም ግን የመሪው 41፣ የናንተ 29.5 ነው። ትንሽ ስታክ ያላችሁ ከሆነ በአይሲኤም እንዲሆን ጠይቁ።

ሁለት ስትቀሩ ባብሉ የለም፣ መሰላሉም አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ቺፕ እንደገና ገንዘብ ይሆናል። በተኑ ትንሹ ብላይንድ ነው፤ ከፍሎፕ በፊት ቀድሞ፣ ከፍሎፕ በኋላ መጨረሻ ይናገራል። በ10 ብላይንድ ከበተን ከግማሽ በላይ ካርታችሁን ግፉ። ጥብቅነታችሁን እዚህ ይዛችሁ ከመጣችሁ ብላይንዱ ይበላችኋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የቡድን ቻቱን ማየት እና ሦስት ቶርናመንት በአንዴ መጫወት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ስትደርሱ አዲስ አትክፈቱ። የሰዎችን ልማድ ሳታዩ ከላይ ያለው ሁሉ አይሠራም።

ትልቅ ካርታ ጥሎ የተበሳጨ ሰው በቀጣዩ ካርታ መግፋቱ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ቶርናመንት ላይ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

ኤስ-ኪንግን እንደ ጥንድ መቁጠር። ከኩዊን-ኩዊን ጋር ሲገጥም ከግማሽ በታች ነው። ለመግፋት ድንቅ ነው፣ ባብል ላይ ኮል ለማድረግ ግን ሁለቴ ይታሰብበት።

የተጋጣሚን ስታክ ሳያዩ መግፋት። በዚህ ብቻ ብዙ ጥሩ ቶርናመንት ሲበላሽ አይቻለሁ። ከኋላችሁ 3 ብላይንድ ያለው ሰው ካለ አይጥልም፤ ደካማ ካርታ ይዛችሁ አትግፉበት።

ማስጠንቀቂያ

ጨዋታው እየተካሄደ ውሳኔ የሚነግራችሁን ፕሮግራም አትክፈቱ። የፖከር ድርጅቶች ይህን ይከለክላሉ፣ ሒሳባችሁን ይዘጋሉ፣ ገንዘባችሁንም ሊይዙ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ሰንጠረዥ ማየትን ጭምር ይከለክላሉ፤ ስለዚህ ደንባቸውን ቀድማችሁ አንብቡ። በሁለት ስም መጫወት፣ በሰው ሒሳብ መጫወት፣ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ሌላ ሰው ወሳኝ አድርጎ ማስቀመጥም እንደዚሁ ክልክል ነው።

ባላችሁበት አገር በገንዘብ መጫወት በሕግ የተፈቀደ መሆኑን እና የዕድሜ ገደቡን አረጋግጡ። ለኪራይ፣ ለምግብ፣ ለትምህርት ቤት የተቀመጠ ገንዘብ አይነካ፤ በብድር አትጫወቱ። የጠፋውን ለመመለስ ከፍ ወዳለ መግቢያ መሄድ ካማራችሁ ያን ቀን ዝጉት። ማቆም እንደከበዳችሁ ከተሰማችሁ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ራስን የማገጃ ምርጫ ተጠቀሙና ለምታምኑት ሰው ንገሩ።

ቶርናመንቱ ካለቀ በኋላ የጠረጠራችሁትን አንድ ካርታ ብቻ ምረጡ። ስታኮቹን፣ ሽልማቱን እና ተጋጣሚው ሊይዝ የሚችለውን ካርታ ካልኩሌተሩ ውስጥ አስገቡ። ያሸነፋችሁበትንም ጭምር ፈትሹ፤ ያሸነፈ ስህተት ሳይታይ የሚያልፍ ነውና። ያገኛችሁትን ቁጥር ከግምታችሁ ጎን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያ መቀመጫ እና ያ ስታክ ሲገጥማችሁ ማስታወሻው አጠገባችሁ ይሁን፣ የምትጫወቱበት ቦታ ደንብ የሚፈቅድ ከሆነ።